ፒኬኤግዜክ፦ 12 ዓመት የቆየው የሊኑክስ ቀዳዳ እና አደፋፈኑ

ፒኬኤግዜክ ተራ ተጠቃሚ ፈቃድ ሲያገኝ በሩት (በሲስተሙ የበላይ አስተዳዳሪ) ሥልጣን ትእዛዝ እንዲያስሮጥ የሚያደርግ የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መሣሪያ ነው። የፖልኪት አካል ነው፤ ፖልኪት ለማን ምን እንደሚፈቀድ የሚወስን ሥርዓት ሲሆን ድሮ ፖሊሲኪት ይባል ነበር። ስለ ቀዳዳው፣ ማለትም መሣሪያውን ለጥቃት ስላጋለጠው የኮድ ስህተት፣ በአማርኛ ሰብሰብ ያለ ጽሑፍ ስላጣሁ፣ አዳማ ላይ ላብራቶሪ ለሚያስተዳድሩ ልጆች ይሁን ብዬ አዘጋጀሁት።

መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ2009 ወጣ፤ ስህተቱም አብሮት ተወለደ። በ2013 አንድ ፕሮግራመር ነገሩን ልብ ብሎት እንደነበር ይነገራል፤ ሩት መያዣ እንደሚሆን ግን አላሳየም። ያሳየው ኳሊስ የተባለው የደህንነት ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2021 ለሊኑክስ አቅራቢው ኩባንያ ለሬድ ሃት አሳወቀ፤ ጃንዋሪ 25 ቀን 2022 ከእርማቱ ጋር ይፋ ሆነ። በደህንነት ቀዳዳዎች መዝገብ መለያው ሲቪኢ-2021-4034፣ የክብደት ነጥቡ ከ10 7.8 ነው። የጥቃት ኮዱ በሰዓታት ውስጥ ተሰራጨ።

አሠራሩ ደስ ይላል፣ ካልደረሰብህ። ፕሮግራም ሲነሳ ሁለት ዝርዝር ይቀበላል፦ አርጊውመንቶችን (ከትእዛዙ ጋር የሚሰጡትን ቃላት) እና የአካባቢ ተለዋዋጮችን (ፕሮግራሙ የሚሠራበትን ሁኔታ የሚወስኑ ስምና እሴቶችን)። ሜሞሪ ላይ ተከታትለው ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው አርጊውመንት የፕሮግራሙ ስም ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ፒኬኤግዜክ ማንበብ የሚጀምረው ከሁለተኛው ነው። ዝርዝሩ ጭራሽ ባዶ ከሆነስ? ሁለተኛ ብሎ የሚያነበው የመጀመሪያውን ተለዋዋጭ ይሆናል። አንብቦም አይተውም፤ የፋይሉን ሙሉ አድራሻ ፈልጎ እዚያው መልሶ ይጽፋል። ፕሮግራሙ ገና ሲነሳ ሲስተሙ አደገኛ ተለዋዋጮችን አጥርቶ ነበር፤ በዚህ መልሶ መጻፍ ግን አንዱ ተመልሶ ይገባል። ፒኬኤግዜክ የስህተት መልእክት ሊያትም ሲል ያ ተለዋዋጭ የጠቆመውን ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚዋሱት የኮድ ፋይል) ይጭናል። ላይብረሪው የአጥቂው ነው፤ የሚሮጠው ግን በሩት። አለቀ። የይለፍ ቃል የሚጠይቅ የለም።

እርማቱ ጥቂት መስመር ነው፦ ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ፕሮግራሙ ወዲያው ይውጣ። ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት፣ በ20.04 እትሙ፣ የታረመው ጥቅል 0.105-26ኡቡንቱ1.2 ነው። ማሽኑን ሪስታርት ማድረግ አያስፈልግም። ኔት ከሌለ ጥቅሉን በፍላሽ አምጥቶ መጫን ይቻላል። እስከዚያው ሴትዩአይዲ ቢቱን (ፕሮግራሙ ማንም ቢያስነሳው በባለቤቱ፣ እዚህ በሩት፣ ሥልጣን እንዲሮጥ የሚያደርገውን ምልክት) ማንሳት፣ ማለትም የፋይሉን ፈቃድ 0755 ማድረግ፣ ቀዳዳውን ይዘጋል። የዲስክ መከፋፈያውን ጂፓርትድን የመሰሉ በፒኬኤግዜክ የሚነሱ ፕሮግራሞች ግን እምቢ ይላሉ።

አዳማ እ.ኤ.አ. በ1993 እንደ ቴክኒክ ኮሌጅ ጀምሮ ዛሬ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሆነውን አንጋፋ ተቋም ያቀፈች ከተማ ናት፤ ኮምፒውተር የሚያጠና ወጣት አታጣም። አንድ ማሽን ላይ ብዙ አካውንት በሚከፈትበት ቦታ ይህ ዓይነት ቀዳዳ ይከፋል። አንዳንዶች «ላብ ውስጥ የገባ ተማሪ በፍላሽ ቡት አድርጎ ሩት መሆን ይችላል፣ ምን ያስጨንቃል?» ይላሉ። ለጠረጴዛ ኮምፒውተር እውነት ሊኖረው ይችላል። በኤስኤስኤች፣ ማለትም ከርቀት በኔትወርክ፣ ለሚገባበት ሰርቨር ግን ክርክሩ አይሠራም።

ኦፕንቢኤስዲ የተባለውን ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ባዶ የአርጊውመንት ዝርዝር ይዞ የሚመጣን ፕሮግራም ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ስለማያስነሳ፣ ነገሩ አልነካውም። የሊኑክስ ከርነልም ከ5.18 ጀምሮ ባዶ ዝርዝር አያሳልፍም።

ቀድሞ ጥቃት ደርሶ እንደሆነ ለማየት የማረጋገጫ ሎጉ ውስጥ ስለ ሼል (ትእዛዝ ተቀባዩን ፕሮግራም ስለሚጠቁመው) ተለዋዋጭ የሚያማርር የፒኬኤግዜክ መልእክት ይፈለጋል። ምንም ዱካ ሳይተዉ ማጥቃትም ስለሚቻል፣ ሎጉ ንጹሕ ቢሆንም ያልታረመ ሰርቨር ይጠረጠራል።