እግር አጠባ በላሊበላ

እግር አጠባ በላሊበላ የእንግዳ መቀበያ ወግ ነው። በገና ሰሞን የከተማዋ ሰው በእግሩ የመጣውን ምእመን ያስቀምጣል፣ እግሩን ያጥባል፣ ካለው ያካፍላል። ስለ ላሊበላ የተጻፈው አብዛኛው ስለ ድንጋዩ ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጥቶ ሕንጻዎቹን አይቶ ጻፈ። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1978 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ቅርስ ተብለው ተመዘገቡ። ስለ እግር ማጠቢያው ሳፋ ግን ፈልጋችሁ ብዙም አታገኙም።

መሠረቱ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ነው። ጌታ ከራት ተነሥቶ፣ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ። ጴጥሮስ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ይህን በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ትፈጽማለች፤ ሥርዓቱም ሕፅበተ እግር ይባላል። ጳጳስ ካለ ጳጳሱ፣ ከሌለ ካህናቱ ጎንበስ ብለው የሕዝቡን እግር ያጥባሉ። የወይራና የወይን ቅጠልም ይይዛሉ። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ቤት ተገብቶ ጉልባን ይበላል።

ልብ የሚባለው ማን ለማን እንደሚያጎነብስ ነው። በገጠር ቤት የሚያጥበው ታናሽ ነው። አባት ማታ ከእርሻ ሲገባ ልጅ ለብ ያለ ውሃ በገበቴ ያቀርባል፣ አጥቦ እግሩን ይስማል፣ ይመረቃል። በጸሎተ ሐሙስ ነገሩ ይገለበጣል፤ ታላቅ ለታናሽ ያጎነብሳል። በላሊበላ ገና ደግሞ ባለቤቱ ስሙን እንኳ ለማያውቀው መንገደኛ ይንበረከካል። ሦስቱንም ያየ ሰው ስለ ትሕትና ብዙ ስብከት የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ወጉ መቼ ጀመረ? ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጋር እኩል ነው የሚሉ አሉ። ይሆናል። ንጉሥ ላሊበላ የነገሠው በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ነው። የቤት ውስጥ ወግ ግን የልደት ቀን የለውምና ዓመት መቁጠሩ ብዙ አያስኬድም።

በዓሉ ታኅሣሥ 29 ነው። ቀኑ የጌታም የንጉሡም ልደት ሆኖ ይከበራል፤ ለዚህ ነው ሕዝቡ እንዲህ የሚጎርፈው። ጠዋት ከውቅሮቹ አንዱ በሆነው በቤተ ማርያም «ቤዛ ኩሉ» የተባለው ዝማሬ ይዘመራል። ካህናቱ ግማሹ ከላይ በዓለቱ አፋፍ፣ ግማሹ ከታች በቅጥሩ ውስጥ ይቆማሉ፤ የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የሰው ምሳሌ ናቸው። ምእመኑ ግን ቀናት ቀድሞ መግባት ይጀምራል። መንገዱ አቧራ፣ ስንቁ በሶና ዳቦ ቆሎ ነው። ወጣቶች በየመግቢያው ሳፋና ጀሪካን ይዘው ይጠብቁታል።

አንድ ዓመት ከአንዱ ሳፋ አጠገብ ቆሜ ነበር። አንዲት እናት የጎማ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ወዲያው ወደ ኋላ ሳቡ።

«ኧረ በማርያም ተይኝ ልጄ፣ ንቃቃት ነው።»

«ምን ችግር አለው እማማ፣ ያምጡት።»

ልጅቷ ተረከዛቸውን በመዳፏ ይዛ ቀስ አድርጋ አሸች። ውሃው ደፍርሶ ቀይ ሆነ። ደፋችውና ሌላ ቀዳች። ስትጨርስ ጎንበስ ብላ እግራቸውን ሳመች። «እግርሽን እንቅፋት አይንካው» ብለው መረቋት። ልጅቷ ቀና ሳትል ቀጣዩን እንግዳ «ይቀመጡ» አለች።

በ2014 ዓ.ም. ከተማዋ ከሰሜኑ ጦርነት ገና መውጣቷ ነበር፤ በዓሉ ግን ተከብሯል።

በሌላው የወሎ ክፍል አገልግሎቱ መልኩ ይለያል። አንዱ ምሳሌ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያጸኑት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሥርዓት ነው። በገዳም ሊመነኩስ የመጣ ሰው መጀመሪያ ረድእ ይሆናል፤ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይሰብራል፣ አረጋውያኑን ይረዳል። ቆቡ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በዋድላ ቅኔ ቤት ደግሞ የቆሎ ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይቆማል፤ ውሻውንም ስድቡንም ይችላል። ማታ ያመጣውን ቁራሽ ከጓደኞቹ ጋር ይካፈላል።