የሐረር የሌሊት ወሬዎች

በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ ስለ ሌሊት ተወርቶ ጅብ ሳይነሳ አይቀርም። በብዙው የአገራችን ክፍል ቡዳ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይወጣል ይባላል። ሐረር ላይ ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ ጅቡ ጂኒ እያደነ የሚበላ የከተማው ጠባቂ ነው። በግንቡ ሥር ጅብ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ሲመሽ በዚያ ገብቶ በጠባቦቹ መንገዶች ሲያልፍ ሰው መንገድ ይለቅለታል እንጂ አያባርረውም።

ከሁሉ የታወቀው ትረካ የገንፎው ነው። በአንድ የረሃብ ዘመን ጅቦች ሰው መብላት ጀመሩ፤ ወልዮቹ፣ ማለትም የሙስሊም ቅዱሳኑ፣ ሐኪም ተራራ ላይ ተሰብስበው መከሩና ገንፎ እያቀረቡ ታረቋቸው ይባላል። በሙሐረም 10ኛው ቀን በሚውለው አሹራ ዛሬም ቅቤ የጠገበ ገንፎ ይቀርብላቸዋል። መሪው ጅብ ከግማሽ በላይ ከበላ ዘመኑ ጥጋብ ነው። ሳይነካው ከሄደ፣ ወይም ጠርጎ ከጨረሰው፣ ረሃብ ወይም በሽታ ይፈራል። ጅብን በልክ ብላ ማለት መቼም ከባድ ፈተና ነው!

ማታ ማታ ከፈላና በር ውጭ ለጎብኚ የሚታየው ሥጋ ማብላት ግን ሌላ ነው። እሱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተጀመረ ልማድ ነው፤ ከገንፎው ጋር አንድ አድርጎ የጥንት ሥርዓት ነው ማለት የአስጎብኚ ቅመም ይመስለኛል።

ወልዮቹ ራሳቸው የወሬው ሌላ ምንጭ ናቸው። ጀጎል፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ ሲመዘገብ፣ 82 መስጊዶችና 102 የወልይ ስፍራዎች ተቆጥረውለታል፤ ታላቁን ወልይ አባድርንና ግንቡን ያሠራውን አሚር ኑርን የመሳሰሉት ደግሞ ከሞቱም በኋላ ከተማዋን ይጠብቃሉ ተብሎ ይታመናል።

ይህ ጥበቃ የሚያበቃበት ትንቢትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እንደጻፈው፣ ፈረንጅ የረገጣት ቀን ከተማዋ ብልጽግናዋ ይርቃታል ይባል ነበር። በ1875 ግብፆች ያዟት፤ በ1887 ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ምኒልክ ገቡባት። ትንቢቱ ደረሰ ለሚል ሰው ይህ በቂው ነው፤ ለእኔ ግን ግብፆች የመጡት ቀይ ባሕርንና የሐረርን ንግድ ፈልገው ነው።

መንፈስ የሌለበት ተረትም አለ። «የራምቦ ቤት» የሚባለው ባለ ፎቁ የእንጨት ቤት ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ የኖረበት ነው ይባላል። ገጣሚው ሐረር ነግዷል፣ ፎቶም አንስቷል፤ ቤቱን ያሠራው ግን እሱ እ.ኤ.አ. በ1891 ከሞተ በኋላ አንድ የሕንድ ነጋዴ ነው። ዛሬ ሙዚየም ሆኖ የራምቦን ፎቶዎች ያሳያል።