ግማሽ ዕድሜ ምንድን ነው?

ጨረር አመንጪ የሆነው የአዮዲን-131 ግማሽ ዕድሜ 8 ቀን ነው ሲባል፣ በ16 ቀን ተሟጦ ያልቃል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። ስሙ ያሳስታል። በእርግጥ በ16ኛው ቀን ሩቡ ይቀራል፣ በ24ኛው አንድ ስምንተኛው፣ በ80ኛው ደግሞ ከሺህ አንድ እጅ ገደማ።

ግማሽ ዕድሜ ማለት በአንድ ክምችት ውስጥ ካሉት ጨረር አመንጪ አቶሞች ግማሾቹ እስኪፈራርሱ የሚያልፈው ጊዜ ነው። «ዕድሜ» የሚለው ቃል እርጅናን ያስታውሰናል፤ አቶም ግን አያረጅም። የ80 ዓመት አዛውንት ከፊታቸው ያለው ዘመን ከ20 ዓመት ወጣት ያነሰ እንደሆነ እንጠብቃለን። ኒውክለስ (የአቶም እምብርት) ግን ትናንት ይፈጠር ከቢሊዮን ዓመት በፊት፣ በሚቀጥለው አንድ ሰዓት ውስጥ የመፈራረስ ዕድሉ ያው ነው። የትኛው እንደሚቀድም ማንም አያውቅም። ቁጥራቸው እጅግ ሲበዛ ግን ስሌቱ ዝንፍ አይልም። ይህ የዕድልና የእርግጠኝነት ጥምረት ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

የኬሚካል ለውጥን ለማፋጠን እናሞቃለን፣ እንጨምቃለን። እነዚህ የሚደርሱት ግን እስከ ኤሌክትሮኖቹ ነው። የኒውክለስ መፈራረስ እሳትም ሆነ አሲድ ፍጥነቱን አይለውጠውም ማለት ይቻላል። ሰዓት ሆኖ የሚያገለግለንም ለዚህ ነው።

ድንቅነሽን እንውሰድ። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር ላይ ስትገኝ ዕድሜዋን ጨረር አመንጪ በሆነው የካርቦን ዓይነት፣ በካርቦን-14፣ መለካት አይቻልም ነበር። የካርቦን-14 ግማሽ ዕድሜ 5,730 ዓመት ስለሆነ፣ ሦስት ሚሊዮን ዓመት ካለፈው ከእሷ ዘመን ወዲህ 550 ጊዜ ያህል በግማሽ ተቀንሷል። መላዋ ምድር ከካርቦን-14 ብቻ የተሠራች ብትሆን እንኳ አንድ አቶም ባልተረፈ ነበር።

የተመረጠው ፖታሲየም-40 ነው፤ ግማሽ ዕድሜው 1.25 ቢሊዮን ዓመት። የተለካውም አጥንቷ ሳይሆን አጽሟ ካረፈበት ደለል ሥር የተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ድንጋይ ቀልጦ ሳለ በውስጡ ያለው አርጎን ከማንም ጋር የማይዋሃድ ጋዝ ስለሆነ ያመልጣል፤ ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል። በአመዱ ውስጥ ያለው ክሪስታል ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ከሚፈራርሱት 100 የፖታሲየም-40 አቶሞች 11 ያህሉ አርጎን-40 ይሆናሉ፣ መውጫም ያጣሉ። የቀሩት ካልሲየም ይሆናሉ፤ ካልሲየም ግን በድንጋይ ውስጥ ድሮም ሞልቷል፣ አዲሱን ከነባሩ መለየት ያስቸግራል።

እንዲህ ያለ ዘገምተኛ ሰዓት ለሦስት ሚሊዮን ዓመት ይበቃል ወይ? በዚያ ሁሉ ጊዜ ከፖታሲየም-40 የፈራረሰው ከሺህ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም። ሆኖም ክሪስታሉ የተነሣው ያለ አርጎን ነውና ያቺ ጥቂት ጋዝ ትበቃለች። ተመራማሪዎች ክሪስታሎቹን በኒውክለር ማብለያ ውስጥ በኒውትሮን ይመቷቸዋል፤ ከፖታሲየሙ ጥቂቱ ወደ አርጎን-39 ይለወጣል። ከዚያ አንዷን ቅንጣት በሌዘር አቅልጠው የሁለቱን አርጎኖች መጠን በአንድ መሣሪያ ያነጻጽራሉ፤ አርጎን-39 የፖታሲየሙን መጠን፣ አርጎን-40 ያለፈውን ጊዜ ይነግራቸዋል። የሐዳሩ አመድ 3.18 ሚሊዮን ዓመት ሆነ፤ ከበላዩ የተገኘችው ድንቅነሽ ደግሞ ከዚያ ጥቂት ታንሳለች።