በጎጃም ቤቶች የሚነገሩ ቋንቋዎች

ጎጃም ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው አማርኛ ነው፤ ቅኔው፣ ሰምና ወርቁ፣ ቀረርቶው። ዓባይ ዞሮ ያቀፈው የቀድሞው ክፍለ ሀገር ግን አውጚ (የአገው አዊዎች ቋንቋ)፣ ጉሙዝኛ፣ ሺናሽኛና ኦሮምኛ የሚነገርባቸው ቤቶችም አሉት። እዚህ ላይ "ጎጃም" የምንለው በድሮው ወሰኑ ነው። የዛሬዎቹን የጎጃም ዞኖች፣ አዊን፣ ባሕር ዳርንና ዛሬ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ያለውን መተከልን ይጨምራል።

የአንድ አካባቢ ባህል ምን ያህል ስብጥር እንዳለው ለማወቅ ሰው ቤቱ ውስጥ በምን ቋንቋ እንደሚነጋገር መጠየቅ ጥሩ መንገድ ነው። በእኛ አገር ቆጠራ ብሔረሰብና አፍ መፍቻ ቋንቋ ለየብቻ ይጠየቃሉ። የመጨረሻው አገራዊ ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው። በምሥራቅ ጎጃም የሁለቱ ጥያቄዎች መልስ አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ በሁለቱም አማራና አማርኛ ከመቶ 99 በላይ ናቸው።

አዊ ላይ ነገሩ ይለያል። በዚያው ቆጠራ ከዞኑ 982,942 ነዋሪ ከመቶ 60 ገደማው "አገው አዊ ነኝ" ብሏል። አውጚን አፍ መፍቻዬ ያለው ግን ከመቶ 45 ገደማ ነው። አማርኛ ያለው ከመቶ 53 ይበልጣል። "አገው አዊ ነኝ" ባለውና አውጚን አፍ መፍቻዬ ባለው መካከል ከመቶ 15 ያህል ልዩነት አለ። ማንነቱን የያዘ፣ አፉን ግን በሌላ ቋንቋ የፈታ ብዙ ሰው አለ ማለት ነው።

እንጅባራ ውስጥ እንግድነት አድሮ ያውቅ የነበረ ሰው ይህን ቁጥር በጆሮው ሰምቶታል። አያት ቡና እያፈሉ ልጁን በአውጚ ይጠሩታል። ልጁ ከደጅ ሆኖ "አቤት እማየ!" ይላል፣ በአማርኛ። ይመጣል፣ የታዘዘውንም ያመጣል። አንዲት ቃል አላመለጠችውም። ቆጠራው ይህን ልጅ አማርኛ ተናጋሪ ብሎ ይመዘግበዋል። ቤቱ ግን የሁለት ቋንቋ ቤት ነው። አፍ መፍቻና የቤት ቋንቋ አንድ ነገር አይደሉምና፣ እንዲህ ያለውን ቤት የሚያሳይ ጥያቄ ለብቻው ቢጠየቅ መልካም ነበር።

አውጚ የኩሻዊ ቋንቋዎች ወገን ነው። ከዋግ ኽምጣንጋ፣ ከቅማንትኛና ከኤርትራው ቢለን ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው። ስሙ ራሱ አማርኛ ለብቻው የማይጠራው ድምፅ አለበት። "አንጎል" በሉና ከ"ጎ" በፊት ያለችውን "ን" አዳምጡ፤ ያቺ ድምፅ ናት። አውጚ ብቻዋን ያስኬዳታል፤ በፊደልም ጘ ብሎ ይጽፋታል። አማርኛ ጸሐፊዎች አንዴ አዊኛ፣ አንዴ አውንጊ፣ አንዴ አገውኛ የሚሉት ይህችን ድምፅ መያዝ ሲያቅታቸው ነው። የድምፅ ከፍታና ዝቅታም በዚህ ቋንቋ ትርጉም ይለያል። ዛሬ በዞኑ የመጀመሪያ ክፍሎች ልጆች በአውጚ ይማራሉ፤ ከባሕር ዳርም ሬዲዮ ይሰራጭበታል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አዊዎች ራሳቸውን "ሰባት ቤት አገው" ይላሉ። በትውፊቱ ከሰባት ወንድማማቾች የወረዱ ናቸው፤ አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚገም። ፈረሰኞቻቸው በ1932 ዓ.ም. ያቋቋሙት ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራን በፈረስ ያጥለቀልቃታል። አገውና አማራ ለዘመናት ተጋብቶ፣ ተዋልዶ፣ በአንድ ደብር አስቀድሶ ኖሯል። ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት አማርኛ ዛሬ ያለውን መልክ ያገኘው ከአገው ጋር ተዳብሎ ነው ይላሉ። ግሱ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ መምጣቱ አንዱ ማስረጃቸው ነው።

የጎጃም አማርኛም የራሱ ጣዕም አለው። አዲስ አበቤ "በልቼ" ሲል ጎጃሜ "በልቸ" ይላል። ቆጠራ እንዲህ ያለውን አይቆጥርም።

መተከል ከሁሉም የበለጠ የተሰባጠረ ነው። ጉሙዝኛ አለ። ራሳቸውን ቦሮ የሚሉት ሺናሾች ኦሞአዊ ቋንቋ ይናገራሉ፤ ወምበራ ላይ ኦሮምኛም አለ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በሰፈራ ወደ ፓዊ የመጡት ደግሞ ሐዲይኛንና ከምባትኛን ይዘው መጥተዋል።

ጣና ዳር ታንኳ ከደንገል የሚሠሩት ነገደ ወይጦዎች ዛሬ ቤታቸው ውስጥ የሚናገሩት አማርኛ ነው። የቀድሞ ቋንቋቸው ከየትኛው ወገን እንደነበረ ሊቃውንት አልተስማሙም።

ጋፋትኛ ሴማዊ ነበር፤ የአማርኛ ዘመድ። ጋፋቶች ከዓባይ ወዲያ ተሻግረው በደቡብ ጎጃም ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ መኃልየ መኃልይን ወደ ጋፋትኛ አስተርጉሞ ብራናውን ይዞ ሄዷል። ዛሬ ኦክስፎርድ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ቮልፍ ሌስላው የሚባል ሊቅ ተናጋሪ ፍለጋ ጎጃም መጣ። ያገኘው አራት ሰው ብቻ ነው። ተቀምጦ ከአፋቸው ቃል በቃል ጻፈ።