ስልክ፣ ሳተላይትና የጣና ዳር እርሻ

በባሕር ዳር ስለ ዲጂታል ግብርና ወሬ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ድሮን ነው። በጣና ዙሪያ ብዙ ገበሬ እጅ የገባው ግን ተራ ቁልፍ ስልክ ነው። ስለዚህ ምክሩም የሚደርሰው በድምፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው 8028 የተባለው ነጻ የገበሬዎች መስመር ስለ መሬት ዝግጅት፣ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ የተቀረጸ ምክር በአማርኛ ያሰማል። ማንበብ የማይችልም ይጠቀምበታል።

ይህ ከሐይቁ ጋር ምን አገናኘው? በደንብ ይገናኛል። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከየማሳው ያጠቡትን አፈር ተሸክመው ይገቡበታል። ሰብሉ ያልተጠቀመበት ማዳበሪያም አብሮ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁ ላይ መታየቱ የተመዘገበው እምቦጭ የሚፋፋው እንዲህ ያለውን ምግብ ሲያገኝ ነው። ማዳበሪያን በመጠኑና በወቅቱ መጨመር እንግዲህ የገበሬው የኪስ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

እምቦጩን ከላይ ለመከታተል ሳተላይት አለ። ሴንቲኔል 2 የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በየ5 ቀኑ ያልፋሉ፤ ምስሉም በነጻ ይገኛል። አረሙ በየትኛው ዳር እንደተስፋፋ ቢሮ ቁጭ ብሎ ማየት ይቻላል። ችግሩ ክረምት ላይ ነው፤ ደመናው ሁሉን ይጋርደዋል። ደግሞም ማየት ማስወገድ አይደለም። አረሙን ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ የሚነቅለው ያው የዳር ነዋሪ ነው።

የተሻለ ትምህርት ያለው መራዊ አጠገብ፣ ቆጋ ላይ ነው። የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያጠጣ የተሠራ ነው። ውሃ በተራ ይደርሳል። ተራው የደረሰው ገበሬ ማሳውን እስኪጠግብ ያጠጣዋል፤ ሌላ ጊዜ መቼ እንደሚደርሰው ማን ያውቃል? ትርፉ ውሃ ግን ማዳበሪያውን ከሥሩ በታች ይዞት ይሰርጋል። እዚያ ከተሞከሩት መሣሪያዎች አንዱ መሬት ውስጥ የሚቀበር ነው። ውሃው ሥሩ ድረስ ሲወርድ ከላይ ምልክት ብቅ ይላል፤ ገበሬው ቦዩን ይዘጋል። እውነቱን ለመናገር ዲጂታል እንኳ አይደለም፣ ባትሪም የለውም። እኔ ግን ከብዙ መተግበሪያ አስበልጠዋለሁ፤ ውሳኔው ማሳው ላይ፣ በዚያው ሰዓት ይሰጣልና። የቀረው ጣጣ የተራው ነው። የቆጠበው ውሃ ለጎረቤቱ እንጂ ለራሱ ካልተረፈ፣ ለምን ይቆጥባል? ሴንሰር ይህን አይፈታም፤ የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር መነጋገር አለበት።

ስልክ ሁልጊዜ ወደ ጥሩው አይመራም። ሽንኩርት ተወደደ የሚል ወሬ ከደላላ ሲደወል፣ ፎገራ ላይ የውሃ ሞተሩ ከወንዙ ቀን ከሌት ይስባል፣ የፀረ ተባይ ርጭቱም ይበዛል። ዋጋን በቅጽበት የሚናገር ስልክ ስለ ወንዙ መቀነስ ምንም አይልም።

ኔትወርክም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ በዳታ ብቻ የሚሠራ ምክር ሁሉ ዋጋ አጣ።

ብዙም የማይወራለት የዲጂታል ሥራ የመሬት ምዝገባው ነው። የሁለተኛ ደረጃ ይዞታ ማረጋገጫ የማሳውን ካርታ ይይዛል። ድንበሩ የተረጋገጠለት ገበሬ እርከን ለመሥራት ይደፍራል። ሐይቁ ሲሸሽ የሚገለጠው ባሕር ሸሽ መሬት ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል። ውሃው በየዓመቱ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ገበሬውም ተከትሎት ያርሳል። እዚያ የሚረጨው መድኃኒትና የሚታረሰው አፈር ሐይቁ ለመግባት ወንዝ እንኳ አያስፈልገውም።