በአጸደ ነፍስ ያሉ ቅዱሳንን ምልጃ መለመን፦ የክርስቲያኖች ልዩነት

በአጸደ ነፍስ ያሉ ቅዱሳንን «ጸልዩልን» ብሎ መለመን ኦርቶዶክሳውያንንና ካቶሊካውያንን በአንድ ወገን፣ አብዛኞቹን ፕሮቴስታንቶች በሌላ ወገን ያሰለፈ የቆየ ጥያቄ ነው። በምድር ያለውን ወንድም «ጸልይልኝ» ማለትን የሚነቅፍ የለም። ክርክሩ ይህን ኅብረት ሞት ያቋርጠዋል ወይስ አያቋርጠውም በሚለው ላይ ነው።

ልማዱ ጥንታዊ ለመሆኑ ግድግዳ ይመሰክራል። ሮም ውስጥ በአፒያ መንገድ በሚገኘው የቅዱስ ሰባስቲያን የመቃብር ዋሻ፣ የሦስተኛው መቶ ዘመን ምእመናን ልመናቸውን በልስኑ ላይ ጭረው ትተዋል። አንዱ ጽሑፍ «ጳውሎስና ጴጥሮስ ሆይ፣ ስለ ቪክቶር ለምኑ» ይላል። ተቃውሞም ቀድሞ ተነሥቷል፤ ቪጂላንቲዩስ የተባለ የጎል (የዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ) ቄስ የሰማዕታትን ዐፅም ማክበርንና ምልጃቸውን ቢነቅፍ፣ ቅዱስ ጄሮም በ406 ዓ.ም. (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጠንካራ ቃል መልሶለታል። ከዚያ በኋላ ልማዱ በምሥራቅም በምዕራብም ለአንድ ሺህ ዓመት ያህል ጸንቶ ቆይቷል።

ታላቁ ሙግት የተነሣው በፕሮቴስታንት ተሐድሶ ዘመን ነው። ሰኔ 25 ቀን 1530 በንጉሠ ነገሥት ካርል አምስተኛ ፊት የተነበበው የሉተራውያን የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ በ21ኛው አንቀጹ፣ ቅዱሳንን ማሰብና እምነታቸውን መከተል ተገቢ ነው፤ እነርሱን መለመን ግን በመጽሐፍ አልታዘዘም አለ። መሠረቱ «በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ያለው መካከለኛው ደግሞ አንድ አለ» የሚለው ቃል ነው (1ኛ ጢሞ. 2፥5)። በዓመቱ የመግለጫው አዘጋጅ ሜላንክቶን መግለጫውን ሲከላከል ብዙዎች የሚዘነጉትን ነገር ጻፈ፤ ቅዱሳን በሰማይ ስለ ቤተ ክርስቲያን በጠቅላላው እንደሚጸልዩ ተቀብሎ፣ ይህ ግን እነርሱን ለመጥራት ፈቃድ አይሆንም አለ። ነቢዩ ኤርምያስ ስለ ሕዝቡ ሲጸልይ የታየበት የግሪኩ 2ኛ መቃብያን (ከኢትዮጵያው መጽሐፈ መቃብያን የተለየ ነው) ምዕራፍ 15 ሕልም ለኦርቶዶክሳውያንና ለካቶሊካውያን ግልጽ ምስክር ሲሆን፣ ፕሮቴስታንቶች መጽሐፉን ከቀኖና ውጭ ያደርጉታል።

የካቶሊካውያን የትሬንቶ ጉባኤ በታኅሣሥ 1563 ቅዱሳንን መለመን «መልካምና ጠቃሚ» ነው ሲል ደነገገ። ግዴታ ነው አላለም፤ ይህን ልብ ማለት ያሻል። የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ኤርምያስ ሁለተኛም በጀርመን ለሚገኙት የቱቢንገን ከተማ ሉተራውያን በጻፈው መልስ የቅዱሳንን ምልጃ አጽንቷል።

ከፕሮቴስታንት ጥያቄዎች ሁሉ የሚከብደው የተሐድሶው መሪ ካልቪን ያነሣው ነው፦ ቅዱሳን ከየስፍራው የሚላክላቸውን ልመና እንዴት ይሰማሉ? የካቶሊኩ ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው መቶ ዘመን አስቀድሞ የሰጠው ማብራሪያ ቅዱሳን ይህን የሚያውቁት በራሳቸው ኃይል ሳይሆን እግዚአብሔር ስለሚገልጥላቸው ነው የሚል ነው። ሽማግሌዎቹ የቅዱሳን ጸሎት የሆነውን ዕጣን በወርቅ ዕቃ ይዘው መታየታቸው (ራእይ 5፥8) ይህን ያጠናክራል። ሌላው ወገን ግን በዚያ ራእይ ሽማግሌዎቹን የለመነ ማንም የለም ብሎ ይመልሳል።