የወሎ ኮሌጆች የሴቶች መረብ ኳስና ቅርጫት ኳስ፣ ከነክርክሩ

ወሎ ውስጥ ስፖርት ሲነሳ ቀድሞ የሚወራው እግር ኳስ ነው። ደሴ ከተማ ምን ላይ ነው? ኮምቦልቻ ዘንድሮ ማንን አስፈረመ? ወልድያ ፕሪሚየር ሊግ የነበረበት ጊዜ እንዴት ነበር? ከዚህ ወሬ ጎን ግን ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሙቀቱ የማያንስ ሌላ ክርክር አለ። የካምፓስ ሴቶች መረብ ኳስና ቅርጫት ኳስ ክርክር ነው። የዘንድሮው ቡድን ከአምናው ይሻላል ወይ? ለመቺዎቹ ኳስ የምታዘጋጀው ሴተሯ ስትመረቅ ማን ይተካታል? ቅርጫት ኳሱስ ለምን እንደ መረብ ኳሱ አልተነሳም?

ክርክሩ የሚካሄደው በአብዛኛው ካምፓስ በር ላይ ባሉ ጀበና ቡና ቤቶች ነው። ደሴ ላይ እንዲህ ያለ ቤት ገብቼ አንድ ከሰዓት ሙሉ ቁጭ ብያለሁ። ጠረጴዛው ላይ ስድስት የለስላሳ ቆርኪ ተደርድሮ ነበር። ሦስቱ ከፊት፣ ሦስቱ ከኋላ፤ እንደ መረብ ኳስ ተጫዋቾች አሰላለፍ። አንዱ ተማሪ ቆርኪዎቹን በሰዓት አቅጣጫ አንድ አንድ ቦታ ያዞራል። ሌላው ጣቱን አንዱ ላይ አስቀምጦ፣ «እዚህ ጋ ስትደርስ እኮ ነው ሁሌም ነጥብ የምንጥለው፤ ፊት ላይ ረጅም የለንም» ይላል። ቡና የምትቀዳው ልጅ ሁለተኛውን እያመጣች ጎንበስ ብላ አየችና፣ «ሊቤሮዋን የት አደረጋችኋት?» አለች። ሁለቱም ዝም አሉ። ከኋላ ሆና የምትከላከለውን ተጫዋች ረስተዋት ነበር።

ቡድኖቹ ከየት ይመጣሉ

ወሎ ውስጥ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ካምፓስ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ከሁለተኛው ትውልድ ነው፤ ትውልድ የሚባለው ዩኒቨርሲቲዎቹ የተከፈቱበት ዙር ነው። ወልድያ ከሦስተኛው፣ ዋና ግቢው ቱሉ አውሊያ ያለው መቅደላ አምባ ደግሞ ከአራተኛው። ከእነሱ ሌላ የደሴና የወልድያ መምህራን ትምህርት ኮሌጆች፣ የጤና ሳይንስ ኮሌጅና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሉ። ከቴክኒክና ሙያዎቹ አንዱ ድሮ ደሴን ያስተማረው የወይዘሮ ስኂን ስም ያለበት ነው።

የዩኒቨርሲቲዎቹንና የኮሌጆቹን ልዩነት ያልተረዳ ክርክሩን አይረዳውም። ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ነው የሚመጣው። አሰልጣኙ «ይህቺን ልጅ እፈልጋታለሁ» ብሎ አያመጣትም። አንድ ዓመት ከሐዋሳ ጥሩ ሴተር ትመደብለታለች፤ ሌላ ዓመት ኳስ ይዛ የማታውቅ ብቻ ትደርሰዋለች። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ ቡድን ከመላ አገሪቱ የተሰበሰበ ነው። የመምህራንና የሙያ ኮሌጆቹ ግን በአብዛኛው የአካባቢውን ልጅ ነው የሚይዙት። ከቃሉ፣ ከተሁለደሬ፣ ከአምባሰል፣ ከወረባቦ፣ ከሐብሩ የመጡ ልጆች ናቸው። «የኛ ቡድን የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ጎበዙ ወይስ የአገሬው? እኔ በበኩሌ ልጅቷ ከየትም ትምጣ፣ ሦስትና አራት ዓመት የደሴን ብርድ ችላ የተጫወተች የወሎ ተጫዋች ናት ባይ ነኝ።

ውድድሩ ከታች ይጀምራል። መጀመሪያ የባችና የዲፓርትመንት ጨዋታ አለ። ተመራቂዎች ሲደርሱ ጂሲ ካፕ፣ የተመራቂዎች ዋንጫ ማለት ነው፣ ይመጣል። ከዚያ በላይ ተቋማት እርስ በርስ ይገናኛሉ፣ ከተሳካም የዩኒቨርሲቲዎች ስፖርት ፌስቲቫል ላይ ይወጣል። የተሻለች ተጫዋች ለዞኗ ተመርጣ መላ አማራ ጨዋታዎች ላይ ልትሰለፍ ትችላለች። ከዚያ ወዲያ ያለው በር ጠባብ ነው። ደመወዝ የሚከፍሉት የሴቶች መረብ ኳስ ክለቦች፣ እንደ ብሔራዊ አልኮል ያሉት፣ ወሎ ውስጥ አይደሉም። ስለዚህ ለብዙዎቹ ምረቃ የጨዋታው መጨረሻ ይሆናል። የደጋፊዎቹ ክርክር ውስጥ ያለው ቁጭት አንዱ ምንጩ ይህ ነው።

መረብ ኳሱ ለምን ይቀድማል

መልሱ ከሜዳው ይጀምራል። ለመረብ ኳስ ሁለት ቋሚ፣ አንድ መረብና የተደለደለ መሬት ይበቃል። መስመሩ በኖራ ይሰመራል። መረቡ ለሴቶች 2 ሜትር ከ24 ላይ ይወጠራል። ከወንዶቹ በ19 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል ማለት ነው። ወሎ ውስጥ አንድ ቀበሌ ትምህርት ቤት ብትሄዱ ይህን ታገኛላችሁ። ልጆቹ ካምፓስ ሲደርሱ ቢያንስ ሰርቪስ መምታት ይችላሉ።

ቅርጫት ኳስ ሲሚንቶ ይፈልጋል። 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ላይ የሚሰቀል ቀለበት ይፈልጋል፤ ቀለበቱ ደግሞ ጎበጥ ካለ ጨዋታው ሁሉ ይበላሻል። ገጠር ያደገች ልጅ ቅርጫት ኳስን ለመጀመሪያ ጊዜ የምታየው ካምፓስ ገብታ ሊሆን ይችላል። በሦስት ዓመት ድሪብልና ሹት ተምራ፣ አዲስ አበባ ከልጅነቷ ከተጫወተች ጋር ትገጥማለች። ደጋፊው «ቅርጫት ኳሳችን ሰነፍ ነው» ሲል ሁሌ የምከራከረው ይህን ይዤ ነው። ልጆቹ ሰንፈው አይደለም። ዘግይተው ነው የጀመሩት።

በዚህ ላይ የደሴ ሰማይ አለ። ክረምት ላይ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ሲሚንቶውን ያረጥበዋል፤ በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ የሮጠ ጉልበቱን ነው የሚከፍለው። ቤት ውስጥ የሚጫወቱበት አዳራሽ ያስፈልጋል የሚለው ጥያቄ በየክርክሩ የሚነሳው ለዚህ ነው። ወልድያዎች በዚህ ረገድ የሚኮሩበት አላቸው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ስታዲየም 25,155 ተመልካች ይይዛል፤ ከእግር ኳሱ ሜዳ ሌላ ለመረብ ኳስና ለቅርጫት ኳስ የሚሆን ሜዳም ተሠርቶለታል። የደሴ ልጅ ይህ ሲነሳ ወሬ ይቀይራል።

የሐረጎ ቁልቁለት

ደሴ ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። መሃላቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሐረጎ ጠመዝማዛ ታክሲው ሲወርድ ጆሮ ይደፍናል። ይህ ልዩነት ደጋፊውን ስንት ዓመት አከራክሮታል መሰላችሁ። ኮምቦልቻ የሚሠለጥኑት ደሴ ሲወጡ ሰርቪሳቸው ከመስመር ያልፋል ይባላል። ደሴዎች ሲወርዱ ደግሞ ኳሳቸው መረብ ላይ ይቀራል።

ነገሩ መሠረት አለው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ኳሱን የሚይዘው ነገር ይቀንሳል፤ ኳሱም ትንሽ ይርቃል። ግን ትንሽ ነው። አንዲት ልጅ ሁለት ቀን ብትለማመድ ታስተካክለዋለች። ሰርቪስ ሁሉ በሳተ ቁጥር «አየሩ ነው» ማለት ለአሰልጣኝ ማምለጫ መስጠት ይመስለኛል። አየሩ ይበልጥ የሚጎዳው ቅርጫት ኳሱን ነው። አሥር አሥር ደቂቃ አራት ጊዜ ሽቅብ ቁልቁል ሲሮጥ፣ ከቆላ የመጣች ልጅ ሦስተኛው ላይ እጇን ጉልበቷ ላይ ታሳርፋለች። ያንን ያየ ሰው አይስተውም።

ቡድን የሚያነሳና የሚጥል

የቡድኖቹ ዕድል በሜዳ ብቻ አይወሰንም። የ12ኛ ክፍል ፈተናን ውሰዱ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ተሰጠ። ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ሌሎች ብዙዎች በሪሚዲያል፣ በማካካሻ ትምህርት ማለት ነው፣ ነው የገቡት። ለስፖርቱ ይህ ምን ማለት ነው? የፍሬሽ፣ የአዲስ ገቢ ተማሪ፣ ቁጥር ሲያንስ ከመሃሉ የምትገኘው ተጫዋችም ታንሳለች። የሪሚዲያል ተማሪ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ታጠናለች፤ ካላለፈች ግቢውን ትለቃለች። እሷን ልምምድ ቅሪ አትቅሪ ብሎ ማስጨነቅ ይከብዳል።

ከሁሉ የከፋው ጦርነቱ ነበር። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታህሳስ 2014፣ ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ህዳር መጨረሻ 2014 ጦርነቱ ገብቶባቸው ቆዩ። የወሎም የወልድያም ዩኒቨርሲቲዎች ተዘረፉ፣ ንብረታቸው ወደመ። ላብራቶሪና ኮምፒውተር በጠፋበት ስለ ኳስና መረብ የሚያወራ አልነበረም። ተማሪዎቹ ተበተኑ። ደጋፊው ዛሬም ቡድኖቹን «ከጦርነቱ በፊት» እና «ከጦርነቱ በኋላ» ብሎ ነው የሚከፍላቸው። ሁለቱን ማወዳደር አልወድም። አብረው ለመጫወት የተዘጋጁ ልጆች አንድ መኸር ሙሉ የት እንደደረሱ ሳይተዋወቁ ከርመው ነው የተመለሱት።

ጾምና ረመዳን፣ ሻሽና ታይት

ወሎ ላይ እስላሙና ክርስቲያኑ አንድ ቡድን ውስጥ ነው። ይህ የልምምድ ሰዓት ላይ ይታያል። ረመዳን ሲገባ ከባድ ልምምድ ይቀንሳል፣ ወይም ወደ አፍጥር መዳረሻ ይጠጋል፤ ልጆቹ ከሜዳ ወጥተው ብዙ ሳይቆዩ ቴምርና ውሃ እንዲያገኙ። ሁዳዴ ላይ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙት ይታሰብላቸዋል። ጥሩ ካፒቴን ይህን ሁሉ በቃሏ ትይዛለች።

ልብሱም አከራክሮ ነበር። ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ጭንቅላት መሸፈንን ለረጅም ጊዜ ከልክሎ ነበር። ሕጉን ያነሳው እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2017 ጀምሮ ነው። ዛሬ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ ከቁምጣዋ ሥር ታይት ለብሳ ከቀለበቱ የተመለሰ ኳስ ለመያዝ፣ ለሪባውንድ፣ የምትዘል ልጅ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ቤተሰብ «አትጫወችም» ያላት ልጅ በዚህ ምክንያት የተፈቀደላት አለች፤ ስትናገረው ዓይኗ ያበራል።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ልናገር። ወሎ በቆንጆ የተዘፈነለት አገር ነው። አንዳንዱ ተመልካች ሜዳ ዳር ቆሞ የሚያወራው ስለ መልክ ብቻ ነው። ልጅቷ መረቡ ላይ ብሎክ አድርጋ፣ ወድቃ፣ ተነስታ ነጥብ ስታመጣ እሱ ስለ ፀጉሯ ያወራል። እውነተኞቹ ደጋፊዎች ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ፤ መቆጣታቸው ደግ ነው። ስማሿን ይቁጠርላት።

ባህር ማዶውን ሲያነጻጽሩ

በስልክ የአሜሪካን ኮሌጆች የሚከታተሉም ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ሁለቱም ጨዋታዎች የተወለዱት እዚያው ማሳቹሴትስ ውስጥ ነው፤ ቅርጫት ኳስ እ.ኤ.አ. በ1891፣ መረብ ኳስ በ1895። የሴቶቹ የኮሌጅ ስፖርት ግን ጉልበት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 በትምህርት ተቋማት የፆታ አድልዎን የሚከለክል ሕግ ከወጣ በኋላ ነው። ነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. የነብራስካ ሴቶች መረብ ኳስ በእግር ኳስ ስታዲየም ሲጫወት 92,003 ሰው ገብቶ አየው። በ2024 ደግሞ ሳውዝ ካሮላይና አይዋን 87 ለ 75 ያሸነፈበትን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ፍጻሜ በቴሌቪዥን ያየው ሰው ከወንዶቹ ፍጻሜ በለጠ።

ይህን የሚጠቅሰው ደጋፊ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «እኛ እንዲህ መሆን አንችልም» ይላል። ሌላው «እዚያም እኮ በሕግ ነው የተጀመረው» ይላል። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። እዚያ ተጫዋቿ በስፖርቷ ነፃ የትምህርት ዕድል ታገኛለች። እዚህ ደግሞ ዝግጅት ላይ ሆና ፈተና ያመለጣትን ተማሪ የሚመለከት ግልጽ ደንብ ይኑር ብሎ መጠየቅ ትልቅ ነገር አይደለም።

መዝገቡ ያለው ማን ጋ ነው

የእነዚህ ጨዋታዎች ውጤት ወረቀት ላይ ቢሰፍርም አይቆይም። ውጤቱ የሚቀመጠው ሰው ውስጥ ነው። ሦስት ለሁለት ያለቀውን ጨዋታ፣ አምስተኛው ዙር 15 ነጥብ ላይ እንዴት እንደተዘጋ፣ የመጨረሻዋን ሰርቪስ ማን እንደመታችው የሚነግራችሁ ደጋፊው ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ሦስተኛ ይጠራል። የግቢ ጥበቃ፣ የላውንጅ አስተናጋጅ፣ ተመርቆ ደሴ የቀረ መምህር ይመሰክራል። እንዲህ ተጨቃጭቀው የሚስማሙበት ውጤት ለሚቀጥለው ባች ይተላለፋል።

አዲሶቹ ፍሬሾች ከገቡ በኋላ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፋል። ሃይስኩል መረብ ኳስ ወይም ቅርጫት ኳስ የተጫወታችሁ ሴት ተማሪዎች ተመዝገቡ ይላል። ስም፣ የመጡበት ትምህርት ቤት፣ ቁመት። በሁለተኛው ቀን ወረቀቱ ፊት አምስት ስድስት ሰው ቆሞ በጣቱ ወደ ታች እየወረደ ያነባል። ቁመት በሚለው ረድፍ 1 ሜትር ከ78 የሚል ቁጥር ሲያዩ አንዱ ሌላውን በክርኑ ይነካዋል፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ቡና ቤቱ ይሄዳሉ።